ከደወሉ በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው? የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት እንደ ትምህርት



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርዕስ ላይ ላዩን ሲያዩት ክርክር የሚያስነሣ አይመስልም። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የመውጫው ደወል ከተደወለ በኋላ ልጆች ችግኝ ያጠጣሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ውኃ ይቀዳሉ፣ በሚኒ ሚዲያ ስለ ንጽሕና ይናገራሉ። ይህን ሁሉ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ብለን እንጠራዋለን፤ በዓመታዊ ዕቅዳችን ውስጥ አንድ ረድፍ እንሞላበታለን፤ ፎቶግራፍም እናነሣለን። በጎነቱን የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አልተጠራጠርሁም። ዛሬ የምጠይቀው ግን ይህ ሥራ መቼ ትምህርት እንደሚሆን፣ መቼስ የልጅን ጉልበት መውሰድ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

በ1984 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል መምህር ሆኜ ተመደብሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ዓመት ነበር፤ የማላውቀው ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የተራቆተ ተዳፋት ላይ በክረምት የተተከሉ የጽድና የወይራ ችግኞች ነበሩ። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናቡ ቆመ፤ ችግኞቹም መጠውለግ ጀመሩ። እኔም አንድ ዕቅድ አወጣሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ቀድቶም የተሰጠውን ችግኝ ያጠጣል። ስም ጠሪው እኔ ነበርሁ። የቀረ ሰው ከጠባይ ውጤቱ ይቀነስበታል። ሊጎበኙን የመጡ ኃላፊዎች ሥራውን አይተው አመሰገኑኝ፤ ምስጋናውንም ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል በሒሳብ የምትደነቅ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ኅዳር ላይ ማርፈድ ጀመረች፤ በታኅሣሥ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ሁለት ጊዜ ገሠጽኋት፤ አንድ ጊዜ ማርክ ቀነስሁባት። በመጨረሻ አንድ ልጅ መንገድ እንዲመራኝ አድርጌ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቲቱ ታማ መደብ ላይ ተኝታ ነበር። ቀና ብላ በአክብሮት ተቀበለችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ ልጄ እኮ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምትቀዳው። አንዱን ለዛፍዎ፣ አንዱን ለእኛ። የእኛን ስታመጣ ይመሽባታል።»

«ለዛፍዎ» ነው ያለችኝ፤ «ለዛፋችን» አላለችም። ተዳፋቱ የመንደሩ ነው፣ ችግኙ የመንደሩ ነው፣ አገልግሎቱም «የማኅበረሰብ» ይባላል፤ የማኅበረሰቡ አባል የሆነችው ሴት ግን ዛፉን የምታውቀው የእኔ አድርጋ ነበር። ልክም ነበረች። ልጅቱን በማግሥቱ ከሥራው ነጻ አደረግኋት፤ ሌሎቹን ግን እንደነበሩ አስቀጠልኋቸው። በአንድ ቤት ያየሁት ነገር በሌሎቹም ቤቶች ሊኖር እንደሚችል ያሰብሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጅቱ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። ምክንያቱ የእኔ ጀሪካን ነው ለማለት አልደፍርም፤ የእናቷ ሕመም ነበረ። አይደለም ለማለትም አልደፍርም።

ከዚህ ገጠመኝ ተነሥተን ሕጉን እንመልከት። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 ሰው ተገዶ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ከግዳጅ ሥራ ከማይቆጥራቸው ጉዳዮች አንዱ ማኅበረሰቡ በአካባቢው በፈቃዱ የሚያከናውነው የልማት ሥራ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን በመብትነት አስቀምጧል። እነዚህን ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ስናነብ ጉዳዩ «ፈቃድ» በምትለው ቃል ላይ ያርፋል። በእኛ አስተዳደግ የዐሥር ዓመት ልጅ መምህሩን ቀና ብሎ አይቶ «አልፈልግም» ሊለው ይችላልን? አይችልም። ስለዚህ የልጁ ዝምታ ፈቃድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ፈቃዱን በሌላ መንገድ መፈለግ የመምህሩ ግዴታ ይሆናል። የዛሬው ገለጻዬ አብዛኛው ክፍል ይህን «ሌላ መንገድ» የሚመለከት ነው።

«ፕሮጀክት» የምንለው ቃል በትምህርት ዓለም ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1916 «ዲሞክራሲና ትምህርት» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ዊልያም ኪልፓትሪክ ከሁለት ዓመት በኋላ «የፕሮጀክት ዘዴ» የተባለውን ጽሑፉን አወጣ። የኪልፓትሪክ ዋና ሐሳብ ልጁ በሙሉ ልቡ ዓላማዬ ብሎ የያዘው ተግባር የትምህርት መሠረት ነው የሚል ነው። ዓላማው የልጁ ካልሆነ ተግባሩ በርትቶ ቢሠራም ፕሮጀክት አይባልም። በእኛ ጆሮ ግን «ፕሮጀክት» ሲባል ቀድሞ የሚመጣው በጀት፣ ለጋሽና የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። ቃሉን ወሰድን፤ ዓላማውን በመንገድ ጣልነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ተማሪን በአገልግሎት ማሳተፍ ታሪኩ የትልልቆቹ ታሪክ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአብዛኛው በየክፍለ ሀገሩ እያስተማረ እንዲያገለግል ይጠበቅበት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አወጣ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የእነዚህን ዘመቻዎች ጥቅምና ጉዳት መመዘን የታሪክ ባልደረቦቼ ድርሻ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የወረሱት የዘመቻውን ቅርጽ ነው። ዕቅዱ ከላይ ይመጣል፣ ቁጥር ይታደላል፣ ልጆች ይወጣሉ። በሪፖርቶቻችን ላይ «ተማሪዎችን በማሰማራት» እያልን የምንጽፈውን አስተውሉ። ይህ ግስ ከብትንም ሠራዊትንም ያሰማራል። ስለ ሚያስብ ልጅ የሚናገር ግስ ግን አይደለም።

ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹን ሦስት እርከኖች ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጣቸው መጠቀሚያ መሆን፣ ጌጥ መሆንና ለይስሙላ መወከል ልንላቸው እንችላለን። በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ፣ መፈክር ይዞ፣ መፈክሩ የሚለውን ሳያውቅ ፀሐይ ላይ የሚቆም ልጅ ከመሰላሉ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ ለእናንተ እተዋለሁ። የእኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግን የመጀመሪያው ላይ ነበሩ።

እንግዲህ ትንንሽ ልጆች አገልግሎት ሊሰጡ አይችሉም ማለቴ ነውን? አይደለም። እንዲያውም ልጆቻችን አገልግሎትን ከትምህርት ቤት አልተማሩትም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቆጥራል፤ የኔታ ሁሉንም ልጅ አንድ በአንድ አያስተምሩም። የስምንት ዓመት ልጅ ታናሽዋን አዝላ ስትጫወት የማያውቅ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሞርሊ የተባሉ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው «ከልጅ ለልጅ» የተሰኘውን ሐሳብ ያመነጩት ይህንኑ አይተው ነው። በብዙ ታዳጊ አገሮች ሕፃናትን የሚጠብቁት ትልልቅ ልጆች ከሆኑ የጤና ትምህርት በእነርሱ በኩል ቢሄድስ የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ዩኒሴፍ በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ለትምህርት ዝግጁነት አውሎት ኢትዮጵያም ሙከራው ከተካሄደባቸው አገሮች አንዷ ሆናለች፤ ትልልቅ ተማሪዎች ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በጨዋታ መልክ ፊደልና ቁጥር ያስተዋውቁ ነበር።

የዚህ ዘዴ ቁልፉ ስድስት ደረጃ ያለው አካሄዱ ነው። ልጆቹ አንድ ችግር መርጠው ይረዱታል፤ በቤታቸውና በመንደራቸው እንዴት እንዳለ ያጠናሉ፤ ያገኙትን ተነጋግረው ያቅዳሉ፤ ይሠራሉ፤ ውጤቱን ይመዝናሉ፤ ከዚያም አሻሽለው ይደግሙታል። ሥራው ከስድስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን አስተውሉ። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ ላምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተማር ልምምድ ላይ የነበሩ ተማሪዎቻችንን ለመከታተል በአማራ ክልል ወደሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። ክልሉ ትራኮማ ክፉኛ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ የዓይን በሽታ ሲሆን፣ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይገለበጥና የዓይኑን ብሌን እየፈገፈገ ለዕውርነት ያደርሳል። በሽታው ከዓይናርና ከንፍጥ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሕመሙ የሚከፋው በጎልማሶች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይሁን እንጂ ተላላፊው ደረጃ በብዛት የሚገኘው በትንንሽ ልጆች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው አራት የመከላከያ መንገዶች መካከል ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ የባለሙያ ሥራ ናቸው፤ የአካባቢ ንጽሕናው የሁሉም ነው። የፊት ንጽሕና ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአራተኛ ክፍል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው። መለማመጃ መምህርቷ ስለ ነፍሳት ስታስተምር አንድ ልጅ «ዝንብ ለምንድን ነው የእኔን እኅት ዓይን የሚወደው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ስለ እርሷ ብልህነት ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።

በሚቀጥሉት ቀናት ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በየቤታቸው ያሉትን ሕፃናት ፊት እያዩ መጡ። በዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተፈጠረ። አንዲት ልጅ የጎረቤቷን ቤት ስም ጠርታ «የእነ እገሌ ልጆች ፊታቸውን አይታጠቡም» ብላ በክፍል ውስጥ ተናገረች፤ ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ መንደር ገባ። የቤቱ እመቤት በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጥተው በቁጣ ተናገሩ፤ ተገቢም ቁጣ ነበር። ልጅን የጎረቤቱ ሰላይ የሚያደርግ አገልግሎት ማኅበረሰብን ያፈርሳል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው መላ አመጡ። ከሰሌዳው ሥር ሁለት ቆርቆሮ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ሲገባ ስላየው ሕፃን ሁሉ ንጹሕ ከሆነ በአንዱ፣ ካልሆነ በሌላው ጠጠር ይጥላል። የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ መጨረሻ ጠጠሮቹ ተቆጠሩ፤ የክፍልፋይ ትምህርትም በእነርሱ ተሠራ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ብርቱካኖች ይልቅ ጠጠሮቹ ክፍልፋይን በደንብ አስረድተዋል።

ቀጥሎ የመጣው የእናቶች መልስ ነው፤ «ውኃ ከየት ይምጣ?» ብለው ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ምንጩ ሩቅ ነበር። ልጆቹ ግን ነገሩን ለካት። አንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ አምጥተው በተራ እያፈሰሱ ስንት ፊት እንደሚያጥብ ሞከሩ፤ ከገመቱት በላይ ሆኖ አገኙት። ይህን ሙከራ እያንዳንዱ በየቤቱ በእናቱ ፊት ደገመው። ስለ ውኃ ለእናት ንግግር ማድረግ ድፍረት ነው፤ ብርጭቆ ይዞ ማሳየት ግን ጨዋታ ነው።

ሥራው ምን ነበር? ከትምህርት ቤት በፊት ወይም በኋላ፣ በቤት ውስጥ፣ ታናሽን በሚይዙበት በዚያው ሰዓት የታናሽን ፊት ማጠብ። ይኸው ነው። ሰልፍ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ ተጨማሪ ጉዞ የለም። ልጅቱ በፊትም ታናሽዋን ትይዝ ነበር፤ አሁን ምክንያቱን እያወቀች ትይዘዋለች። ንጹሕ ፊት የሚያመለክቱት ጠጠሮች ለጥቂት ሳምንታት በዙ። ከዚያ የአጨዳው ወቅት መጣና እንደገና አነሱ። የልምምድ መምህርቷ አዝና ልትነግረኝ መጣች፤ ለሪፖርቷ የበፊቱን ብቻ ብትጽፍ እንደሚሻል የመከራትም ሰው ነበር። እኔ ግን ያ ቀን የፕሮጀክቱ ምርጥ ቀን እንደነበር እቆጥራለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቹ «ለምን አነሰ?» ብለው ተከራከሩ። አንዱ ሁሉም ሰው በማለዳ ወደ ማሳ ስለሚወጣ ሕፃኑን የሚይዘው አያት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። በቀጣዩ ሳምንት ብርጭቆው ወደ አያቶች ሄደ። አምስተኛውና ስድስተኛው ደረጃ ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት ልናገር። «ከትምህርት በኋላ» ስንል ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ሰዓት ያለው አስመስለን ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ልጅ ቀትር ላይ ይወጣል፤ የከሰዓቱ ልጅ ሲወጣ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ነው የሚቀራት። ለሁለቱም አንድ ዕቅድ ማውጣት የሁለተኛውን ልጅ፣ በተለይም የሴቲቱን ልጅ፣ የመንገድ ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል ነው። በገጠር ደግሞ ያ ሰዓት ባዶ አይደለም፤ ጥጆች የሚታሰሩበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ እንጨት የሚለቀምበት ነው። ከዚህ ሰዓት የምንወስደው ሁሉ ከአንድ ሰው ላይ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በገጠር የሚስማማው አገልግሎት ልጁ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ገብቶ ሥራውን የሚያበለጽግ እንጂ በላዩ የሚጨመር አይደለም። በከተማ ነገሩ ይለያል፤ በተከራየ አንድ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶበት የሚውል ልጅ ከደወሉ በኋላ ከሌሎች ጋር የሚሠራው ነገር ማግኘቱ ራሱ በረከት ሊሆን ይችላል።

ስለ ችግኝም አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያለፈ ታሪኬ አይለቀኝም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ተከላ በየክረምቱ በስፋት ይካሄዳል። ክረምት ግን ትምህርት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ስለዚህ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ተከላው ሐምሌ ላይ ሲሆን ችግኙ የሚጠማው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ልጆቹ ትምህርት ላይ ባሉበት ጊዜ ነው። በቁጥር የሚመዘገበው ተከላው ነው፤ ሰው የሚያጣው እንክብካቤው ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከቤቱ ደጃፍ አንድ ችግኝ ተቀብሎ፣ በየወሩ ቁመቱን በሲባጎ ለክቶ፣ የእቃ ማጠቢያውን እጣቢ እያጠጣ ቢያሳድግ ለሳይንስም ለሒሳብም ለዛፉም ይበጃል። ከሞተበትም የሞተበትን ምክንያት ይጽፋል። እኔ ያን ጊዜ ልጆቹን «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንዳቸው እጣቢውን ያስታውሱኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ውኃ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ።

በሰዓት የመቁጠርን ነገር በአጭሩ ልለፍ። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለማጠናቀቅ 75 ሰዓት አገልግሎት መስጠት ወይም ወረዳው ያዘጋጀውን ተመሳሳይ መርሐ ግብር መፈጸም ይጠበቅበታል። በዚያ የምትኖር የእኅቴ ልጅ አንድ ጊዜ ስልክ ደውላ «አጎቴ፣ በክረምት አንተ ጋ መጥቼ መጻሕፍት ባስተካክል ትፈርምልኛለህ?» አለችኝ። መጻሕፍቱን ነው ወይስ ፊርማውን የፈለግሽው ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። ሰዓት መቁጠር ለትልልቆቹ ሥርዓት ያስይዝ ይሆናል፤ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ግን አልመክረውም። ትንሽ ልጅ የሚቆጠር ነገር ስጠው፤ ቆጣሪው ግን እርሱ ይሁን።

በመጨረሻ ወደ ተግባር ልመለስ። በዚህ መንፈቅ ዓመት ወደ ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች የክበብ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የምትሞሉት ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ከባልደረቦቼ ጋር አዘጋጅተናል። ሦስት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው ሐሳቡን ያቀረበው ማን ነው፣ በምን ቃል አቀረበው ይላል፤ የልጁ ቃል እንዳለ ይጻፍ፣ አታስተካክሉት። ሁለተኛው በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ሌላ ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቃል። ይህን ለመሙላት ቢያንስ አምስት ቤት ሄዳችሁ ወላጆችን ማነጋገር ይኖርባችኋል፤ አንድ ቤት እንደማይበቃ ነግሬአችኋለሁ። ሦስተኛው ሥራው እንዳልተሳካ ልጆቹ በምን ያውቃሉ የሚል ነው። ሦስተኛውን ባዶ የተወ ቅጽ አልፈርምበትም። ቅጹ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።